ልደት በጉባኤ፣ ገና በቤት፦ የባቲ በዓል ታሪክ

(በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር በቃል ቀርቦ ወደ ጽሑፍ የተመለሰ)



 የንግግሬ ርእስ ገና መሆኑን የሰሙ አንዳንድ ባልደረቦቼ «ስለ ዶሮ ወጥ ልትነግረን ነው ወይስ ስለ ታሪክ?» ብለው ቀልደውብኛል። መልሴ ስለ ሁለቱም የሚል ነው። የታሪክ ትምህርታችን ስለ ነገሥታትና ስለ ጦርነት ብዙ አስተምሮናል፤ ሰው በየዓመቱ በገዛ ቤቱ ስለሚያደርገው ነገር ግን ያስተማረን ጥቂት ነው። ዛሬ ይህን በጥቂቱ ለማካካስ እሞክራለሁ። ምሳሌዬም የተወለድሁባትና ያደግሁባት ባቲ ናት።

ከአንድ ጥያቄ ልጀምር። ኅዳር 16 ቀን 1977 ዓ.ም.፣ በዕለተ እሑድ፣ የብሪታንያና የአየርላንድ ታዋቂ ዘፋኞች በለንደን ከተማ ተሰብስበው ለኢትዮጵያ ረሃብተኞች ገንዘብ የሚያስገኝ አንድ ዘፈን ቀረጹ። አስተባባሪዎቹ ቦብ ጌልዶፍና ሚጅ ዩር ነበሩ። ዘፈኑ ከስምንት ቀን በኋላ ለሽያጭ ቀረበ፤ ከፍተኛ ገንዘብም አስገኘ። ርእሱ ጥያቄ ነው፤ በቋንቋችን ሲመለስ «ገና መሆኑን ያውቃሉን?» ማለት ነው። ዘፋኞቹን ያነሣሣው፣ ጥቅምት 13 ቀን በብሪታንያ ቴሌቪዥን የታየው የጋዜጠኛ ማይክል በርክ ዘገባ ነበር። ዘገባው የተሠራው በጊዜው በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር በነበረችው በቆረም ነው። ባቲም እንደ ቆረም ስሟ በዓለም የተሰማው በዚያው ሰሞን፣ በመጠለያዋ ምክንያት ነበር።

የእነዚያን ሰዎች ደግነት ለማራከስ ይህን አላነሣሁም። የሰጡት ገንዘብ እህል ሆኖ መጥቷል፤ የበላነውም ሰዎች ምስክሮች ነን። ነገር ግን ጥያቄው ጥያቄ ነውና እንደ ታሪክ ተማሪ መልስ ልሰጠው ይገባኛል።

የቀን አቆጣጠሩ መልስ

የመጀመሪያው መልስ ቀላል ነው። ዘፈኑ በተቀረጸበት ዕለት ዋዜማ፣ ኅዳር 15 ቀን፣ በመላው ኢትዮጵያ ጾመ ነቢያት ገብቶ ነበር። በዚህች አገር ገና የሚጀመረው በጾም ነው። ምእመኑ ከኅዳር 15 ቀን ጀምሮ ከሥጋ፣ ከወተት፣ ከቅቤና ከዕንቁላል ተከልክሎ ልደትን ይጠብቃል። ስለዚህ ለንደን «ያውቃሉን?» ብላ በጠየቀችበት ቀን የወሎ ክርስቲያን፣ የሚበላውን ያገኘውም ያጣውም፣ የገናን መንገድ ከጀመረ ሁለተኛ ቀኑ ነበር።

የአውሮፓውያኑ ገና በዚያ ዓመት በእኛ ታኅሣሥ 16 ቀን ዋለ። የእኛው ከ13 ቀን በኋላ፣ ታኅሣሥ 29 ቀን ነበር። ልዩነቱ የመጣው ሮም በ1582 እ.ኤ.አ. አሮጌውን የዩልዮስ አቆጣጠር ስታሻሽል የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት በነባሩ በመቆየታቸው ነው። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ የራሷ ጥንቃቄ አላት፦ ከብሥራት፣ ማለትም ከመጋቢት 29፣ እስከ ልደት ያለው የቀን ቁጥር እንዳይዛነፍ፣ ጳጉሜን ስድስት በሆነችበት ዓመት ማግሥት፣ በዘመነ ዮሐንስ፣ በዓሉን ታኅሣሥ 28 ታከብራለች። ክርስትና በዚህች አገር በንጉሥ ዒዛናና በአባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ዘመን፣ በአራተኛው መቶ ዓመት፣ የመንግሥት ሃይማኖት ሆኗል። በሰሜን ወሎዋ ላሊበላ ካህናቱ በልደት ሌሊት «ቤዛ ኵሉ»ን ሲያሸበሽቡ ለመስማት ሕዝቡ የስንት ቀን መንገድ በእግሩ ሲጓዝ ኖሯል። በአጭሩ፣ ያውቃሉ።

ይህ መልስ ግን ትክክል ቢሆንም ያልተሟላ ነው። በባቲ መጠለያ ውስጥ ከነበሩት ብዙዎቹ ሙስሊሞች ነበሩ። ለእነርሱ ጥያቄው በሌላ መንገድ መጠየቅ አለበት፦ ሙስሊም በሚበዛበት ምድር፣ ገና የማን በዓል ነው? የሚሠራውስ የት ነው?

ገና የሚሠራበት ቦታ

ባቲን ለማታውቋት ጥቂት ልግለጽ። ከኮምቦልቻ ወደ ምሥራቅ ሲወርዱ ደጋው አልቆ የአፋር ቆላ ከመጀመሩ በፊት የምትገኝ ከተማ ናት። ዛሬ ዋና ከተማው ከሚሴ በሆነው በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ውስጥ ትገኛለች። ስሟን ከአራቱ የአገራችን ቅኝቶች ለአንዱ ሰጥታለች። ከሁሉ በላይ የምትታወቀው ግን በሰኞ ገበያዋ ነው። አፋሩ ግመሉን፣ ፍየሉን፣ ጨውና ቅቤውን ይዞ ይወጣል፤ ደገኛው እህሉን ይዞ ይወርዳል፤ የአካባቢው ኦሮሞ ማሽላውንና ከብቱን ያቀርባል። በኢጣልያ ወረራ ዘመን ከኮምቦልቻ ወደ አሰብ የተሠራው መንገድ ይህን ጥንታዊ መገናኛ ይበልጥ አሰፋው እንጂ አልፈጠረውም።

እንግዲህ የባቲ ገና የሚጀምረው በዚህ ገበያ ነው። ከበዓሉ በፊት ባለው ሰኞ ክርስቲያኗ እመቤት ቀይ ሽንኩርቷን፣ ቅቤዋን፣ ዶሮዋንና ዕንቁላሏን ትሸምታለች፤ አባወራው ፍየል ያማርጣል፣ ወይም ከጎረቤቶቹ ጋር ለቅርጫ የሚሆን በሬ ይደራደራል። ሻጩ ማን ነው? አብዛኛውን ጊዜ ሙስሊም ነው። ፍየሉን ያረባው ሙስሊም፣ ቅቤውን የናጠችው ሙስሊም ናት። በሌላ አነጋገር፣ በባቲ የክርስቲያን ገና ያለ ሙስሊም እጅ አይሠራም። የማሽላው አጨዳና ውቂያም በኅዳርና በታኅሣሥ ስለሚውል፣ በደህና ዓመት ገና የሚገባው ጎተራ በሞላበት፣ ሰውም ከሥራ ጥቂት ፋታ ባገኘበት ሰሞን ነው።

በዋዜማው ምሽት ነጠላቸውን ለብሰው ወደ ቤተ ክርስቲያን የሄዱት ከሌሊቱ ቅዳሴ በኋላ ተመልሰው ይፈስካሉ። ልጆች ነቅተን ለመጠበቅ ምለን እንቅልፍ ይጥለናል፤ የሚቀሰቅሰን የወጡ ሽታ ነው። ወለሉ ላይ ቄጤማ ተጎዝጉዟል። በኮባ ቅጠል የተጋገረው ድፎ ዳቦ በአባቴ እጅ፣ ከጸሎት በኋላ፣ ይቆረሳል። ዶሮው በአሥራ ሁለት ብልት ተከፋፍሏል፤ የትኛው ብልት ለማን እንደሚደርስ ከእኛ ከልጆቹ በቀር የሚከራከር የለም። ከሰዓት በኋላ ወንዶቹ ሜዳ ወጥተው ሩሯን በቆልማማ ዱላ እያሳደዱ ገና ይጫወታሉ፤ በዚያች ቀን ጌታና ሎሌ እኩል ነው፣ በጨዋታው ለደረሰ ጉዳት ቂም አይያዝም ይባል ነበር። ስጦታ፣ መብራት የተንጠለጠለበት ዛፍ፣ አዲስ አሻንጉሊት አናውቅም ነበር። አዲስ ልብስ ካለ እሰየው፣ ከሌለም የታጠበው ይበቃል።

ይህን የምዘረዝረው ለትዝታ ብቻ አይደለም። ልብ በሉ፦ ከቅዳሴው በስተቀር በዓሉን በዓል የሚያደርገው ነገር ሁሉ የሚፈጸመው በቤት ውስጥና በደጃፍ ነው። ጥምቀት ታቦት ወጥቶ፣ መስቀል ደመራ ተለኩሶ በአደባባይ የሚከበሩ ናቸው። ገና ግን የጓዳ በዓል ነው። የታሪክ ክርክሬም ከዚህ ይነሣል፦ አደባባዩ የመንግሥት ነው፣ ጓዳው የቤተሰብ ነው፤ የወሎ ሃይማኖቶች ክፉውን ዘመን የተሻገሩት በጓዳቸው ነው።

ልደት በጉባኤ

ከባቲ በምዕራብ በኩል፣ ከደሴ ከተማ አቅራቢያ፣ ቦሩ ሜዳ የሚባል ስፍራ አለ። በግንቦት 1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ፣ የሸዋው ንጉሥ ምኒልክም ባሉበት፣ በዚያ ሜዳ ትልቅ የሃይማኖት ጉባኤ ሰበሰቡ። የክርክሩ ፍሬ ነገር ምን እንደ ነበር ታስታውሳላችሁ፤ የክርስቶስ ልደት ነበር። አንዱ ወገን ወልድ ሁለት ልደት አለው፣ ቅድመ ዓለም ከአብ፣ ድኅረ ዓለም ከድንግል ማርያም ይላል። ሌላው ወገን ሦስተኛ የጸጋ ልደት ይጨምራል። ለብዙ ዘመን አድባራትንና ገዳማትን የከፈለው ይህ ክርክር በቦሩ ሜዳ በንጉሥ ፊት በሁለት ልደት ረቺነት ተዘጋ።

ታሪኩ በዚህ ቢያበቃ የሊቃውንት ጉዳይ ሆኖ በቀረ ነበር። ዐፄ ዮሐንስ ግን የአንድ ሃይማኖት አገር ይሹ ነበርና ትእዛዙ ወደ ወሎ ሙስሊሞች ዞረ፤ የጊዜ ገደብ ተሰጥቷቸው እንዲጠመቁ ታወጀ። ከወሎ መሪዎች ኢማም መሐመድ ዓሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ የክርስትና አባታቸውም ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ሆኑ። እኒህ ሰው ናቸው በኋላ ራስ፣ ቀጥሎም ንጉሥ ሚካኤል የሆኑት። ኢማም አመዴ ሊበን ደግሞ ኃይለ ማርያም ተባሉ፤ አበ ልጃቸው ምኒልክ ነበሩ። እምቢ ያሉ ተሰደዱ፤ ሼኽ ጦልሃ ጃዕፈርን የመሰሉ ሊቃውንት ተቃውሞውን መሩ፤ ብዙ ደምም ፈሰሰ።

ሥልጣንና ርስት ያልነበረው ተራው ሕዝብስ ምን አደረገ? በዘመኑ በአገሪቱ የነበሩት የካቶሊክ ሚሲዮናዊ ጉሊየልሞ ማሳያ፣ ተገደው የተጠመቁ ሰዎች ከቤተ ክርስቲያን ወጥተው በቀጥታ ወደ ሼኻቸው ይሄዱ እንደ ነበር ጽፈዋል። በቀን የንጉሡን፣ በማታ የአባታቸውን ሃይማኖት ያዙ ማለት ነው። በአደባባይ የተሸነፈው እምነት በምድጃ ዳር ቆየ። ዐፄ ዮሐንስ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. መተማ ላይ ሲወድቁና አዋጁ ሲላላ፣ በጓዳ የቆየው እምነት ወደ ደጅ ወጣ።

ይህ በእኛ አገር ብቻ የደረሰ አይደለም። በእንግሊዝ በ1647 እ.ኤ.አ. በፒዩሪታኖች የሚመራው ፓርላማ የገናን በዓል ሽሮ ነበር። በዓሉ «በመጽሐፍ ያልታዘዘና ለስካር የተመቸ» ነው የሚል ነበር ምክንያታቸው። በ1660 እ.ኤ.አ. ዘውዱ እስኪመለስ ድረስ ብዙ እንግሊዛውያን ገናን በራቸውን ዘግተው አከበሩት። ልዩነቱ ግልጽ ነው፦ በእንግሊዝ ጓዳው ያዳነው የተከለከለውን ገና ነበር፤ በወሎ ጓዳው ያዳነው በልደት ስም የተከለከለውን እስልምና ነበር። ትምህርቱ ግን አንድ ነው። ጉባኤ ስለ ልደት ሊወስን ይችላል፤ ገናን መውደድን ግን ማዘዝ አይችልም።

ሁለት ቢላዋ

እንግዲህ እንዲህ ያለ ጠባሳ ባለበት ምድር ክርስቲያኑ በገና፣ ሙስሊሙ በአረፋ እንዴት አንድ ደጃፍ ላይ ሊቀመጡ ቻሉ? ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ «ወሎ ፍቅር ነው» የሚል ነው። ይህ አባባል ለእንግዳ መቀበያ ያምራል፤ ለታሪክ ግን አይበቃም። ፍቅር ብቻውን ልማድ አይሆንም፤ ሥርዓት ያስፈልገዋል። የወሎ ሰው ያበጀው ሥርዓት ሁለት ቢላዋ ነው።

በወሎ ክርስቲያን ሙስሊም ያረደውን፣ ሙስሊምም ክርስቲያን ያረደውን አይበላም። ስለዚህ ክርስቲያኑ ትልቅ ድግስ ሲደግስ ለሙስሊም እንግዶቹ የተለየ በግ ወይም ፍየል ያቀርባል፤ የሚያርደው ሙስሊም፣ የሚሠራው በሙስሊም እጅና በሙስሊም ድስት ነው። ሙስሊሙ ሲደግስም ለክርስቲያን እንግዶቹ እንዲሁ ያደርጋል። በተራው የገና ቀን ለዚህ የሚበቃ አቅም የሌለው ቤተሰብ ሌላ መላ አለው፦ ዳቦው፣ ቡናው፣ ፈንድሻው፣ ማሩ፣ ያልፈላው ብርዝ ለሁሉም የተፈቀደ ነው። እናቴ የገናን ድፎ ስትጋግር ሁልጊዜ ሁለት ትጋግር ነበር። አንዱ የቤት ነው፤ ሁለተኛው ለቡና ለሚመጡት ጎረቤቶች ነው። ሙስሊሟ ጎረቤታችን፣ እኛ ልጆች እማማ የምንላቸው እናት፣ ከሰዓት በኋላ «እንኳን አደረሳችሁ» ብለው ገብተው፣ ቡናው እስከ በረካ ይጠጣል፤ መርቀውም ይወጣሉ። በአረፋ ደግሞ እኛ እዚያ ነን።

ከውጭ ለሚያይ ሰው ይህ መለያየት ይመስለው ይሆናል። እኔ በተቃራኒው አየዋለሁ። አብሮ ለመብላት «ሁላችንም አንድ ነን» ብሎ እምነትን ማቅለል አንዱ መንገድ ነው፤ የወሎ ሰው የመረጠው ግን ይህን አይደለም። ሁለተኛው ቢላዋ «በቤቴ ስትገባ እምነትህን ደጅ ጥለህ እንድትገባ አልጠይቅህም» ማለት ነው። ከቦሩ ሜዳ በኋላ ይህ ቃል ተራ ቃል አይደለም። መንግሥት አንድ ጊዜ በአዋጅ የሻረውን ልዩነት፣ ጎረቤት በየዓመቱ በገዛ ወጪው ያከብረዋል። ሁለቱን ቢላዋዎች የማነባቸው ለቦሩ ሜዳ ከጓዳ የተሰጠ መልስ አድርጌ ነው።

ይህ የጓዳ ሥርዓት በሕግ እኩልነት ለማግኘት ብዙ ዘመን ፈጅቶበታል። ሙስሊሞች በሚያዝያ 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ አደባባይ ወጥተው መብታቸውን ጠይቀዋል። በማግሥቱ ዓመት፣ በ1967 ዓ.ም.፣ ዒድ አል ፈጥር፣ አረፋና መውሊድ እንደ ገናና እንደ ጥምቀት ሁሉ በመላ አገሪቱ ሥራ የሚዘጋባቸው በዓላት ሆኑ። በባቲ ጓዳዎች ግን አረፋ ከዚያ በፊትም የሁለቱም ቤት በዓል ነበር።

የ1977 ገና

አሁን ወደ መነሻው ጥያቄ ልመለስ። ታኅሣሥ 29 ቀን 1977 ዓ.ም. ሰኞ ነበር። የባቲ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል፤ ገናና ገበያ አንድ ቀን ዋሉ። በደህና ዓመት ቢሆን ከተማዋ ከአፍ እስከ ገደፏ በሞላች ነበር። በዚያ ዓመት ግን ከተማዋን የሞላት ገበያተኛ ሳይሆን መጠለያ ፍለጋ የመጣ ሕዝብ ነበር። ዝናቡ ከድቶ አዝመራው ቀርቷል፤ የአፋሩ ከብት አልቋል፤ በሰሜን ጦርነት አለ። መንግሥት በመስከረም የአብዮቱን አሥረኛ ዓመት በታላቅ ሰልፍና በብዙ ወጪ ሲያከብር የወሎ ገበሬ ቤቱን ዘግቶ መንገድ ጀምሮ ነበር። በባቲ መጠለያ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ተጠልሏል። ከአሰብ ወደብ የሚነሣው የእርዳታ እህል ወደ ደጋው የሚወጣው በዚያው በባቲ መንገድ ነበር።

ታሪክ ጸሐፊ የራሱን እናት ምስክር አድርጎ ሲያቀርብ መጠንቀቅ እንዳለበት አውቃለሁ። ልጅ ነበርኩ፤ ትዝታም እያደር ይዋባል። ነገር ግን የዚያን ዓመት ገና የማስታውሰው በአንድ ነገር ነው፤ የወጥ ሽታ አልነበረም። አንዲት ዶሮ ነበረችን። ቅቤም ጥቂት ከጓዳ አይጠፋም ነበር። እናቴ ግን ዶሮዋን አላሳረደችም። ደጃችን መንገድ ዳር ነው፤ ወደ መጠለያው የሚሄዱ ሰዎች በዚያ ያልፋሉ። «በቅቤ የተቁላላ ሽንኩርት እያሸተትኩ የሰው ልጅ በደጄ አላሳልፍም» አለች። አባቴ ምንም አልመለሰም። ያን ዕለት ጾማችንን የፈታነው በሽሮና በአንዲት ስኒ ወተት ነው፤ ወተቱም ለእኔና ለታናሽ እህቴ ብቻ ነበር።

ንፍሮ ግን በትልቁ ድስት ተቀቀለ። ከገጠር የተሰደዱ ዘመዶቻቸውን ያስጠጉት ሙስሊሟ ጎረቤታችን በዚያ ቀን እንደ ወትሮው መጡ፤ ቡናውን ግን በዚያ ዓመት እርሳቸው ይዘው መጡ። እኛ ቤት ቡና እንዳለቀ ያውቁ ነበር። ንፍሮው ሲታደል ማን ክርስቲያን፣ ማን ሙስሊም እንደ ሆነ የጠየቀ አልነበረም፤ ሥጋ ስለሌለ ቢላዋም አላስፈለገም። ከቄጤማው በቀር የገና ምልክት ያልነበረው ያ ቤት፣ ካየኋቸው የገና ቤቶች ሁሉ ይበልጥ ገና ሆኖ በልቤ ቀርቷል።

«ገና መሆኑን ያውቃሉን?» ለሚለው ጥያቄ ሙሉው መልስ፣ ለእኔ፣ ይህ ነው። እናቴ ገና መሆኑን ስለምታውቅ ዶሮዋን አላሳረደችም። እማማም የጎረቤታቸው ገና መሆኑን ስለሚያውቁ ቡና ይዘው መጡ። በመጠለያው ውስጥ ያሉትም ሳያውቁ አይደለም ያላከበሩት፤ ገና የሚሠራበት ቤት ስላልነበራቸው ነው። ረሃብ ከሰው ላይ እንጀራን ብቻ አይወስድም፤ እንግዳ የሚቀበልበትን ደጃፍ ጭምር ይወስዳል። ከዚያም ወዲያ በሰፈራው ወደ ምዕራብ ኢትዮጵያ የተጫኑት የወሎ ሰዎች ያጡት ይህንኑ ነበር፤ መሬት ተሰጣቸው፣ ጎረቤትን ግን እንደ አዲስ መሥራት ነበረባቸው።

ዛሬ

ይህን ሁሉ ያነሣሁት ጉዳዩ ያለፈ ስላልሆነ ነው። በ2013 ዓ.ም. በአጎራባቻችን በአጣዬና በዙሪያዋ በደረሰው ግጭት ብዙ ቤቶች ተቃጥለዋል፤ የተፈናቀለው አማራውም ኦሮሞውም፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ነው። በማግሥቱ ዓመት የሰሜኑ ጦርነት ደሴንና ኮምቦልቻን፣ ከሚሴንና ባቲን ጨምሮ አካባቢያችንን አዳረሰ። ከተሞቹ ከጦርነቱ የወጡት ለገና ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩ ነበር። በዚያው ሰሞን መንግሥት በውጭ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ለገና ወደ አገር ቤት እንዲመጡ ጥሪ አቀረበ፤ ብዙዎችም መጡ። ጥሪው በገና ዙሪያ መደረጉ አይገርምም፤ ለባሕር ማዶ ኢትዮጵያዊ «ቤት» ማለት ከሁሉ አስቀድሞ ቄጤማ የተጎዘጎዘበት ወለል ነው። ነገር ግን እንግዳው ወደ ቤት ሲመለስ ከጎረቤቱ የሚያገናኘው ደጃፍ ተዘግቶ ቢያገኘውስ?

የሚያሳስበኝ ይህ ነው። ቤት ሲቃጠል ግድግዳው በዓመት ሊሠራ ይችላል። ሁለተኛውን ድፎ የመጋገር ልማድ ግን አንድ ትውልድ ከተወው የሚያስታውሰው ሰው አይገኝም። ዛሬ በባቲም በከሚሴም «የእነርሱን ቡና መጠጣት ምን አስፈለገ?» የሚሉ ድምፆች ከሁለቱም ወገን ይሰማሉ። እንዲህ የሚሉት ሃይማኖታቸውን የጠበቁ ይመስላቸዋል። ታሪኩ ግን የሚያሳየን ሌላ ነው፦ ሃይማኖቱን ከአዋጅም ከረሃብም ያሻገረው ሰው፣ በር ያንኳኳ ጎረቤት የነበረው ሰው ነው።

እናንተ ተማሪዎች ለመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ ስትፈልጉ ሩቅ አትሂዱ። በመጪው በዓል ወደየቤታችሁ ስትመለሱ እናቶቻችሁን ጠይቁ፦ በገና ስንት ዳቦ ትጋግሩ ነበር? ሁለተኛው ለማን ነበር? ቢላዋውን ማን ይይዝ ነበር? በክፉው ዓመት ምን አደረጋችሁ? የሚሰጧችሁን መልስ በስምና በቀን መዝግቡት። የቦሩ ሜዳን ውሳኔ የጻፉ ጸሐፍት ነበሩ፤ የጓዳውን መልስ ግን እስካሁን የጻፈው ጥቂት ነው።

እናቴ ዛሬ በሕይወት የለችም። እማማ ግን እድሜ ሰጥቷቸው አሉ። ባለፈው ገና ባቲ ሄጄ ስጠይቃቸው፣ ዓይናቸው ደክሟልና በድምፄ ለዩኝ። የያዝሁትን ድፎ በእጃቸው ዳሰው «ሁለተኛው ነው?» ብለው ጠየቁኝ። ነው አልኋቸው።